የክብደታችን ዳኛ ሐኪም አልነበረም

ሚዛን ላይ ወጥተን፣ ቁመታችንን ተለክተን «ከመጠን በላይ» የተባልን ሁሉ ቀመሩን ያወጣው ሐኪም ይመስለናል። አይደለም። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጂጋዊ የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሰው ነው (ኮከብ ቆጣሪ አላልንም!)። የሚፈልገውም «አማካዩን ሰው» እንጂ ወፍራሙን አልነበረም። ኪሎ ሲካፈል፣ ራሱን በራሱ ለተባዛ የሜትር ቁመት፤ በቃ። ጡንቻ ይሁን ስብ፣ ቦርጭ ይሁን ዳሌ አይጠይቅም።

«ቢ ኤም አይ» የሚባለውን ስም ያወጣለት በ1972 አሜሪካዊው አንሴል ኪስ ነው። ከአምስት አገሮች ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን አጥንቶ ነበር፤ ሁሉም ወንዶች! እሱም ቢሆን የታየው ለሕዝብ ጥናት ነበር።

በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት «ከመጠን በላይ» የሚባልበትን መነሻ ለወንዶች ከ27.8 ወደ 25 አወረዱት። ሚሊዮኖች አንድ ግራም ሳይጨምሩ ወፍራም ሆነው አደሩ። በ2004 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ብዙ እስያውያን ከ25 በታች ሆነውም ለስኳርና ለልብ ሕመም እንደሚጋለጡ ጻፉ። እኛን የሚያሳስበን ይሄኛው ነው፦ ቁጥሩ «ደህና ነህ» ብሎ የሸኘው ሰው።

ለሕዝብ ቆጠራ ይሁን፣ እንቀበለዋለን። ለአንድ ሰው ግን ወገቡም ይለካ፣ ደሙም ይመርመር። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ይህ ቁጥር ከሌሎች መለኪያዎች ጋር እንጂ ለብቻው እንዳይሠራበት የወሰነው በ2023 ነው።