ከኡሳምባራ ጥላ እስከ ሳሎን መስኮት

ቤታቸው ውስጥ አበባ ከሚያሳድጉ ሰዎች ጋር የተጨዋወተ ሁሉ ስለ አፍሪካን ቫዮሌት አንድ ስሞታ መስማቱ አይቀርም። «ቅብጥ ናት» ይሏታል። ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሏ ላይ ካረፈ ነጠብጣብ ያወጣባታል፤ የቀትር ፀሐይ ያቃጥላታል፤ ሥሯ ላይ ውሃ ከተኛ ትበሰብሳለች። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ቅብጠት ነውን? ታሪኳን ለተከታተለ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ አበባይቱ አገሯን አልረሳችም።

አገሯ በዛሬዋ ታንዛንያ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የኡሳምባራ ተራራና አካባቢው ነው። ከህንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ጉምና ዝናብ ይሆናል። እርሷም ከትላልቅ ዛፎች ሥር፣ በድንጋይ ስንጥቅ በተጠራቀመች እፍኝ አፈር ላይ ትበቅላለች።

በዛንዚባር የብሪታንያ ቆንስል የነበሩት ሰር ጆን ከርክ እ.ኤ.አ. በ1884 ናሙናዋን ወደ ለንደኑ የኪው የዕፅዋት ማዕከል ልከው ነበር። ናሙናው ግን የተሟላ ስላልነበረ ስም ሳይወጣላት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1892 የጀርመን ቅኝ ገዥ ባለሥልጣን የነበሩት ባሮን ዋልተር ፎን ሴንት ፖል አገኟትና ወደ ጀርመን ለአባታቸው ላኩላቸው። አባትየው ደግሞ በሃኖቨር የሄረንሃውዘን የዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ ለነበሩት ለሄርማን ቬንድላንድ ሰጧቸው። ቬንድላንድም እ.ኤ.አ. በ1893 «ሴንትፖሊያ አዮናንታ» ብለው ሰየሟት። የመጀመሪያው ቃል የባሮኑ ቤተሰብ ስም ሲሆን ሁለተኛው «ቫዮሌት መሰል አበባ ያላት» ማለት ነው። መሰል እንጂ ቫዮሌት አይደለችም፤ በዝምድናም አትገናኛትም።

በዚያ ተራራ ላይ ከባሮኑ አስቀድሞ የሻምባ ሕዝብ ይኖር ነበር። ዓለም የተቀበለው ስም ግን የገዥውን ሆነ። ደግሞም አበባይቱ በአውሮፓ በምትደነቅበት በዚያው ዘመን፣ ጀርመኖች የኡሳምባራን ደን እየመነጠሩ ቡና ይተክሉ ነበር። አንዱ እጅ አበባዋን ሲንከባከብ ሌላው ጥላዋን ይቆርጥ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዘሯ ውቅያኖስ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ አርማኮስትና ሮይስተን የተባለ የሎስ አንጀለስ የችግኝ ማፍያ ከጀርመንና ከእንግሊዝ ዘር አስመጥቶ ካበቀላቸው መካከል አሥሩን መርጦ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየቤቱ ለሚታዩት እጅግ ብዙ ዓይነቶች ቅድመ አያቶች እነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ አሜሪካውያን ወዳጆቿ የራሷን ማኅበር አቋቋሙላት።

እንግዲህ እርሷን ማሳደግ የሚሻ አንባቢ አገሯን ያስብ። ብርሃን የሚገባበት፣ ነገር ግን ጠንካራ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መስኮት ያ የዛፍ ጥላ ነው። ትንሽና ውሃ የሚያሳልፍ ማሰሮ ያ የድንጋይ ስንጥቅ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ያውም ቅጠሉን ሳይነካ ከሥሯ ወይም ከማሰሮው ሥር ካለ ሳህን ሲሰጣት ትወዳለች። ለማራባትም ዘር አያስፈልግም። አንዲት ጤነኛ ቅጠል ከነዘንጓ ቆርጦ እርጥብ አፈር ውስጥ መትከል ይበቃል፤ ከሳምንታት በኋላ ከሥሯ ሕፃናት ችግኞች ብቅ ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች «ሴንትፖሊያ» የተባለውን ወገን ስትሬፕቶካርፐስ ከተባለ ሰፊ ወገን ጋር ቀላቀሉት፤ የባሮኑ ስም ከሳይንሳዊ መጠሪያዋ ወጣ። የስሙ ነገር በወረቀት ይታረማል። የደኑ ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በእርሻና በእንጨት ቆረጣ ምክንያት የኡሳምባራ ደን ተሸራርፏል፤ ከዱር ዘመዶቿም በርካቶቹ ለመጥፋት ተቃርበዋል። በየመስኮቱ የበዛችው አበባ በገዛ አገሯ እያነሰች ነው። ለብ ያለ ውሃ የምናቀርብላት ሰዎች ከቤታችን ያለችው በስደት ያለች መሆኗን፣ ቤቷም ገና ጠባቂ እንደሚሻ ብናስታውስ መልካም ነው።