በሁለቱም እጆች የሚወረውሩ የቤዝቦል ተጫዋቾች

በቤዝቦል ጨዋታ አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ የተቃራኒው ቡድን ተጫዋች ደግሞ ዱላ ይዞ ለመምታት ይጠብቃል። ወርዋሪው ቀኝ እጁን ሲጠቀም፣ በግራ በኩል የቆመ መቺ ኳሷን አሻግሮ በደንብ ስለሚያያት ይቀለዋል። ግራኝ ወርዋሪ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ከሁለቱም ጎን የሚመቱ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ 536 ሆም ረን ያስመዘገበው ሚኪ ማንትል አንዱ ነው።

በሁለቱም እጅ መወርወር ግን እጅግ ብርቅ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ቶኒ ሙላን በባዶ እጁ፣ ያለ ጓንት፣ እያቀያየረ ወርውሯል። በ1995 ግሬግ ሃሪስ ይህንኑ ለአንድ ዙር ብቻ አደረገ።

ከሁሉ ይልቅ ታሪኩ ትኩረት የሚስበው የኔብራስካው ተወላጅ ፓት ቬንዲቴ ነው። አባቱ ገና ከ3 ዓመቱ ጀምሮ በሁለቱም እጆቹ እንዲወረውር አሠልጥኖታል። ጓንቱም ሁለት የአውራ ጣት ማስገቢያ ያለው፣ በየትኛውም እጅ የሚጠለቅ፣ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ነው። ገበሬ በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ሲያርስ ሁለቱም እጆቹ ይሠራሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የቬንዲቴ እጆች ግን ያንኑ አንድ ሥራ እኩል መሥራት ነበረባቸው።

በ2008 ቬንዲቴ ከሁለቱም ጎን ከሚመታው ራልፍ ሄንሪኬዝ ጋር ተፋጠጠ። አንዱ ጓንቱን ሲያቀያይር ሌላው ጎን ይቀይራል፤ ይህ ለደቂቃዎች ቀጠለ። ዳኞቹ በመጨረሻ መቺው ቀድሞ እንዲመርጥ አዘዙ፤ ቬንዲቴም አሸነፈው። ከዚያ ወዲህ የወጣው ደንብ ግን ተቃራኒውን ይላል፦ ወርዋሪው የሚጠቀምበትን እጅ አስቀድሞ ማሳየት አለበት፤ ጉዳት ካልደረሰበት በስተቀርም ያ መቺ እስኪጨርስ ድረስ እጁን አይቀይርም። በእኔ ግምት ይህ ለወርዋሪው ጥቅሙን የሚቀንስ ደንብ ነው፤ ጨዋታው እንዳይቆም ግን ሌላ መንገድ አልነበረም።

ቬንዲቴ ወደ ዋናው ሊግ ለመድረስ 7 ዓመት ጠበቀ። ሰኔ 5 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. 30 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለኦክላንድ ተሰልፎ በቦስተን ሜዳ ሁለት ዙር ያለ ነጥብ ወረወረ።

በ2024 ደግሞ የሲያትል ቡድን በኩራሳው ደሴት ያደገውን ጁራንጄሎ ሳይንትጄን በዓመታዊው የተጫዋቾች ምርጫ 15ኛ አድርጎ መረጠው። ተፈጥሮው ግራኝ ነው፤ በቀኝ መወርወርን የተማረው በልጅነቱ የአባቱን ጓንት አጥልቆ እርሱን ለመምሰል ሲል ነበር።