ከልደት በፊት ያለው ታሪክ፦ የሲናና ግጦሽና የጥጃው ዕጣ



የባሌ ደጋ የግብርና ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የስንዴ ታሪክ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው በዚያው ሜዳ የኖረችውን ላም ነው፤ በተለይም ፅንስ በያዘች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የምታገኘውን መኖ።

የባሌ ከብት አርቢዎች «ጎዳንቱ» በሚሉት ሥርዓት ከብታቸውን እንደየወቅቱ ያዘዋውሩ ነበር፤ ማሳው በእህል ሲያዝ ወደ ተራራው ሣር፣ በደረቁ ወራት ወደ ሐረና ጫካ፣ አልፎ አልፎም ማዕድናም ውኃ ወዳለበት ሆራ። ይህ ዝውውር በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽና ከዚያ ወዲህ እየጠበበ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የመንግሥት እርሻዎች ሰፊውን ሜዳ ለስንዴ አዋሉት። የመንደር ምሥረታው ደግሞ ተራርቆ የኖረውን ሕዝብ ከነከብቱ አሰባሰበው።

ሣሩ ሲቀንስ የላሟ ቀለብ በአብዛኛው ጭድ ሆነ። ጭድ ሆድ ይሞላል፤ ዳሩ ግን የፕሮቲን መጠኑ ከመቶ 3 እስከ 4 ገደማ ብቻ ነው። በጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ግን ከመቶ 7 ያህል ይሻሉ።

ላም የምታረግዘው 280 ቀናት ያህል ነው። ፅንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ወራት በመሆኑ፣ የመኖ ምክሩም ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በእነዚያ ወራት ላይ ነበር። ነገር ግን የእንግዴ ልጁ የሚያያዘው፣ ልብ መምታት የሚጀምረው፣ የአካል ክፍሎችም የሚለዩት በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ለዚህ ጉዳይ ዓይን የከፈተው የሰው ልጅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በሆላንድ በደረሰው የክረምት ረሃብ ወቅት ገና በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የነበሩ እናቶች የወለዷቸው ልጆች ሲወለዱ ክብደታቸው ደኅና ነበር፤ በጎልማሳነታቸው ግን የልብ ሕመም በዛባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአየርላንድ ጥናትም በጊደሮች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ጊደሮቹ ከመዳቀላቸው ጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ እስከ 110ኛው ቀን ሰውነታቸውን ለማቆየት ከሚያስፈልጋቸው ቀለብ ከመቶ 60 ብቻ ተሰጣቸው። የጥጆቻቸው የልደት ክብደት አልቀነሰም፤ የሴቶቹ ጥጆች የእንቁላል ክምችት ግን አነሰ።

ይህን ወደ ሲናና የጊዜ ቀመር እናምጣው። በኅዳር የተጠቃች ላም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የምታሳልፈው እስከ የካቲት፣ በጭድና በደረቅ ግጦሽ ነው። የምትወልደው በነሐሴ፣ ሜዳው በለመለመበት ጊዜ ነው። ጥጃው ሲመዘን ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑ ግን የበጋውን ረሃብ አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ከእህሉ ጎን ለጎን እንደ አጃና ቬች ባሉ የመኖ ሰብሎች ላይ ሲሠራ ቆይቷል። እንግዲህ መኖው የሚቀርብበት ወቅት እንደ ዓይነቱ ሁሉ ሊጠና ይገባል፤ ድርቆሹም ፉርሽካውም ላሟ ሆዷ እስኪገፋ ሊጠብቅ አይገባም። በመዝገባችንም ከልደት ክብደት ጎን የመጠቃቷ ቀንና ያን ጊዜ የነበራት የሥጋ ይዞታ ይጻፍ። የተመረጠ ኮርማ ዘር ብናመጣ እንኳ ያ ዘር በጎ ሆኖ የሚያድገው በተራበች እናት ማሕፀን አይደለም።