ስልኬ ከፋብሪካ ጥገና እስኪመለስ

እዚህ እስራኤል ያላችሁ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ያላችሁ፣ አሜሪካ የተሻገራችሁም ሁሉ፣ ደውላችሁ ያጣችሁኝ ዘመዶቼ እንዳትቀየሙኝ። 23 ቀን ሙሉ ስልኬ እጄ ላይ አልነበረም። በነዚያ ቀናት ያሰብኩትንና ያነበብኩትን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው የተነሳሁት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱኮት በዓል በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ስልኬ በራሱ ጊዜ እየጠፋ በራሱ ጊዜ ይነሳ ጀመር። አርማውን ብቻ ያሳይና እልም ይላል፤ እንደገና ያሳያል፤ እንደገና ይጠፋል። እኔ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ፣ በጻባም (በሠራዊቱ) የመገናኛ ሬዲዮ ጥገና ላይ ያገለገልኩ ሰው ነኝና ብልሽቱ ከባትሪው ሳይሆን ከዋናው ቦርድ እንደሆነ ወዲያው ገመትኩ። ካቻቢቴውም፣ ማሞቂያውም፣ ማጉያ መነጽሩም ቤቴ አለ። ግን ስልኩ ከተገዛ ገና 11 ወሩ ነው። እዚህ አገር በ2006 በወጣው ደንብ መሠረት ይህን በመሰለ ዕቃ ላይ የአንድ ዓመት ዋስትና መስጠት ግዴታ ነው፤ "አሕራዩት" የምንለው ማለት ነው። እኔ ከከፈትኩት ዋስትናው ቀረ።

ታሃና መርካዚት አጠገብ ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። አሳየሁት። "በ450 ሼቄል ቦርዱን ለጥቂት ሰዓት ቀስቅሼ ውስጡ ያለውን ልገለብጥልህ እሞክራለሁ። ግን አንዴ ከከፈትኩት ፋብሪካው አይቀበልህም" አለኝ። ያን ወር ደግሞ እጄ አጥሮ ነበር። ስለዚህ ነጻ ወደሆነው መንገድ ሄድኩ። የተቀባይዋ ልጅ "መጠባበቂያ ቅጂ አለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። "መረጃ ቢጠፋ ድርጅቱ አይጠየቅም" የሚል ወረቀት አቀረበችልኝ። ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ውስጡ ምን ነበረ? ፎቶውንስ ተዉት። የአባቴ ድምፅ ነበረ።

በጥቅምት 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ለሚሉኢም ተጠርቼ ሰሜን ባለ አንድ የጥገና ክፍል ነበርኩ። አባቴ እንዳልጨነቅ ብሎ ማታ ማታ በዋትሳፕ ድምፁን ይልክልኝ ነበር። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አሥር ደቂቃ። ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አላነሳም። የሚያወራው ስለ አባቱ፣ ማለትም ጎንደር ገጠር ውስጥ ቀጥቃጭ ስለነበሩት አያቴ ነው። በ2024 አባቴ አረፈ፤ ነፍሱን በገነት ያኑራት። አዲሱን ስልክ ስገዛ ሁሉንም ወደ እሱ አዛወርኩና አሮጌውን ለዋጋ ማቀነሻ ሰጠሁት። ቅጂው በየሌሊቱ በራሱ ይቀመጣል ብዬ ነበር። ለካ ከ2024 ወዲህ የዋትሳፕ ቅጂ ከጉግል ነጻ 15 ጊጋባይት ላይ መቆጠር ጀምሮ፣ የኔም ቦታ ሞልቶ፣ ቅጂው ከቆመ ወራት አልፎታል። የማስጠንቀቂያ መልእክት ይመጣ ነበር፤ እኔ ነኝ እያጠፋሁ የማልፈው። ባለሙያ ተብዬ!

እንግዲህ መጠበቅ ጀመርኩ። ስጠብቅም ያ የአባቴ ወሬ በጆሮዬ ይመላለስ ነበር።

አያቴ ጋ ገበሬ ማረሻውን ይዞ የሚመጣው ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። ያኔ ደጁ ይጨናነቃል። ገበሬው ማረሻውን ሰጥቶ አይሄድም፤ እዚያው ቁጭ ይላል። እጁ ሥራ እንዳይፈታ ወናፉን እንዲነፋ ይደረጋል። ከሰሉ ይቀላል፣ ብረቱ ይግላል፣ በጉጠት ተይዞ መስፉ ላይ በመዶሻ ይመታል፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ "ጭስ" ይላል። ሰውየው ዓይኑ እያየ ማረሻው ይሳልለታል፤ በዕለቱም ይዞ ይገባል። ዋጋው ብዙ ጊዜ እህል ነው፤ በመኸር የሚከፈል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን የሚመጣ አልነበረም፤ በሰንበት እሳት እንደማይነድ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የሠራውም የሚጠግነውም አንድ ሰው ነው፤ ቢበላሽም ቤቱ ይታወቃል።

ይህን ስል ግን ዘመኑን ማሳመር አይሁንብኝ። አያቶቻችን ወደ ቀጥቃጭነትና ወደ ሸክላ ሥራ የገቡት ወደው ብቻ አይደለም። ከ1414 እስከ 1429 በነገሠው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ተብሎ መሬት እንደተነፈጋቸው ይነገራል። መሬት የሌለው በእጁ ያድራል። በኋላም በ17ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ስትቆረቆር ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው ሠርተዋል። ቀን ማረሻውን ያሳለ ገበሬ ግን ማታ "ቡዳ" ይላቸዋል። እሳት ይዞ ብረት የሚለውጥ ሰው ያስፈራ ነበር። ስልክም ቢሆን መጀመሪያ ለዐፄ ምኒልክ ሲመጣ "የሰይጣን ሥራ ነው" ያሉ ካህናት ነበሩ ይባላል። የማይገባን ነገር ሲናገር ስንሰማ ያው ነን።

ወደ ስልኩ ታሪክ ልመለስ። ቤል የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1876 ነው። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው ቤቱ ያለውን ስልክ አይገዛውም ነበር፤ ይከራየዋል እንጂ። ዕቃው የቴሌፎን ድርጅቱ ነው፣ የሚሠራው የድርጅቱ ፋብሪካ ነው፣ ሲበላሽም የሚጠግነው የድርጅቱ ሠራተኛ ነው። ሌላ ሰው ምንም ነገር እንዲያያይዝበት አይፈቀድም። ከመናገሪያው ላይ የሚደረግ፣ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ የሚከልል አንድ ተራ ክዳን እንኳ ተከልክሎ ነበር፤ ፍርድ ቤት የፈቀደው በ1956 ነው። በ1968 ደግሞ ካርተርፎን በተባለው መሣሪያ ጉዳይ የሌላ ሰው ዕቃ ከመስመሩ ጋር እንዲገናኝ ተፈቀደ። ድርጅቱ ራሱ በ1984 ተከፋፈለ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ጨቋኞች አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ስልኩ የድርጅቱ ስለነበር የጥገናው ወጪም የድርጅቱ ነበር። ስለዚህ እንዳይበላሽ አድርጎ ነው የሚሠራው። ያ ባለ ክብ ቁጥር ከባዱ ስልክ ከጠረጴዛ ወድቆ ተነሥቶ የሚሠራው ለዚህ ነው። የዛሬው ስልክ ግን ገንዘቡን ከፍዬ የኔ ሆኗል፤ የሚከፍተው ግን እሱ ብቻ ነው። ማለትም ከሁለቱም ወገን የከፋውን ነው የወሰድነው።

በሠራዊቱ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ጥገና በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ወታደሩ ራሱ የሚያደርገው አለ፣ የክፍሉ ባለሙያ የሚያደርገው አለ፣ ወደ ትልቁ ማዕከል የሚሄድ አለ። ለሁሉም መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎለታል። መለዋወጫው በቁጥር መደርደሪያ ላይ ነው። ሬዲዮ ተበላሽቶ ሲመጣልኝ አንድም ቀን "ይህን መክፈት አይፈቀድልህም" አልተባልኩም፤ ምክንያቱም ሰው እየጠበቀው ነው።

ተንቀሳቃሽ ስልክም ሲጀምር እንዲህ ነበር። የሞቶሮላው ማርቲን ኩፐር መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ስልክ የደወለው በሚያዝያ 1973 ነው። እዚህ አገር ፔሌፎን ሥራ የጀመረው በ1986፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሞባይል የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በ2000 ኖኪያ 3310 መጣ። ታስታውሱታላችሁ? ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው! ጀርባው በአውራ ጣት ይከፈታል፣ ባትሪው ይወጣል፣ ውኃ ቢገባው ፈትቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። እኔ ሙያ ትምህርት ቤት እያለሁ መጀመሪያ የፈታሁትና መልሼ የገጠምኩት እሱን ነው። አዲስ አበባ መርካቶም ሆነ ቴል አቪቭ ታሃና መርካዚት፣ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛና መብራት ያለው ሰው ቤተሰብ ያስተዳድርበት ነበር።

መዘጋቱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ባትሪው በባለቤቱ የሚወጣ አልነበረም። ቀጥሎ አምስት ማዕዘን ያለው፣ የተለመደው ካቻቢቴ የማይገባበት ብሎን መጣ። ሳምሰንግ በ2014 ያወጣው ጋላክሲ ኤስ 5 ጀርባው ይከፈት ነበር፤ የ2015ቱ ኤስ 6 ግን በማጣበቂያ ተዘጋ። ከዚያ መቆለፉ ከብሎን ወደ ሶፍትዌር ገባ። በ2016 የጣት አሻራ ቁልፋቸውን ሌላ ቦታ ያስቀየሩ ሰዎች አይፎናቸውን ሲያድሱ "ስህተት 53" የሚል ጽሑፍ እያሳየ ሞተባቸው። አፕል ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለው፤ በ2018 ግን አውስትራሊያ ውስጥ 9 ሚሊዮን የአገሩን ዶላር ተቀጣ።

ለፋብሪካዎቹም ፍርድ ልስጥ፤ ምክንያት የላቸውም አልልም። የተጣበቀ ስልክ ውኃ አያስገባም። የአሻራው ክፍል እንደልብ ቢቀየር ሌባ መንገድ ያገኛል። የሊቲየም ባትሪም ጨዋታ አይደለም። በ2016 የጋላክሲ ኖት 7 ባትሪ እየጋየ ሲያስቸግር 2 ሚሊዮን ተኩል ስልክ እንዲመለስ ተጠራ፤ በምትኩ የተሰጠውም መቃጠል ሲጀምር በጥቅምት ምርቱ ጨርሶ ቆመ። ግን አስቡት፤ ባትሪው የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ባትሪውን ብቻ ቀይሮ መጨረስ ይሞከር ነበር። ተጣብቆ ስለተሠራ ስልኩ በሙሉ ተጠራ።

አሁን ነገሩ ትንሽ እየተመለሰ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ሕግ ከየካቲት 2027 ጀምሮ ባትሪውን ባለቤቱ ራሱ ማውጣት እንዲችል ያዛል፤ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ከሰኔ 2025 ወዲህ ደግሞ እዚያ የሚሸጥ ስልክ፣ ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲኖረው፣ መለዋወጫውም ከ5 እስከ 10 በሆነ የሥራ ቀን እንዲደርስ ግዴታ ሆኗል። በወጣትነቴ መደርደሪያ ላይ ያየሁትን ሥርዓት ለማምጣት ይህን ያህል ሕግ አስፈለገ።

በ9ኛው ቀን ደወልኩ፤ "በምርመራ ላይ ነው" አሉኝ። በ14ኛው ቀን "መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው" አሉኝ። ከባለቤቴ ስልክ ነው የምደውለው። እናቴ ሳቀችብኝ። አጎቴ በ1984 በሱዳን በኩል ሲወጣ አባቴ ወንድሙን ሞቷል ወይ አለ ሳያውቅ እስከ 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን እስክንመጣ ድረስ ጠብቋል። "አንተ በሁለት ሳምንት ልታብድ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን አባቴ ወንድሙን ሲጠብቅ፣ ጠብቆ የሚያገኘው ሰው ነበረው። ይህን አልመለስኩላትም።

በ23ኛው ቀን ስልኩ በሣጥን ታሽጎ መጣ። ወረቀቱ ላይ "ዋናው ቦርድ ተቀይሯል" ይላል። ሳበራው "እንኳን ደህና መጡ፤ ቋንቋ ይምረጡ" አለኝ። ባዶ ነው። አሮጌውን ቦርድ መልሱልኝ ብዬ ብጠይቅ የተቀየረ ዕቃ የፋብሪካው ንብረት ነው ተባልኩ። ቢሰጡኝስ? የዛሬ ስልክ ማስታወሻው በቁልፍ የተመሠጠረ ነው፤ ቁልፉም ከዚያው ቦርድ አንጎል ጋር የተሳሰረ ነው። ቺፑን ነቅሎ ሌላ ላይ መትከል ምንም አያወጣም። ቦርዱ ራሱ ለጥቂት ሰዓት መንቃት ነበረበት፤ ያ ልጅ በ450 ሼቄል ልሞክር ያለኝ ነገር።

እስካሁን ያገኘሁት ሦስት ብቻ ነው፤ ያኔ ለእህቴ ያስተላለፍኳቸው። አንዱ ስለ ግንቦት ወረፋ፣ አንዱ ስለ ዓርብ፣ አንዱ ስለ እህሉ ክፍያ ነው። ከላይ የጻፍኩት የቀረው ሁሉ ከራሴ ትዝታ ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። አባቴ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለብዙዎቻችሁ ድምፅ ይልክ እንደነበር አውቃለሁ። እባካችሁ ስልካችሁን ፈልጉልኝ። በተለይ አያቴ ከመስፉ አጠገብ ለራሳቸው ያንጎራጉሩት የነበረውን አባቴ በዜማው አድርጎ የላከው አለ፤ የታኅሣሥ 2023 መጀመሪያ ነው። ያላችሁ ላኩልኝ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው፤ ስልኩም አሁን ይነሳል።