የማያደላ አንባቢ ከየት ይምጣ?

ስለ መጽሐፍ ስናወራ አንድ መጥፎ ልማድ አለን። መጽሐፉን ሳንገልጥ ጸሐፊውን እንመዝናለን። «ማን ጻፈው? የማን ወገን ነው?» ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ወይም ደግሞ ታሪክ ከሆነ እውነት፣ ልብ ወለድ ከሆነ የሥራ ፈት ጨዋታ ብለን እንከፋፍለዋለን። ካለፈው መቶ ዓመት የአማርኛ መጻሕፍት ጥቂቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን እንውሰድ። ይህ ሰው በሁለት ዓመት ግድም ውስጥ ሮም ላይ ሦስት ዓይነት መጽሐፍ አሳተመ። በ1900 ዓ.ም. ኋላ «ጦቢያ» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ፣ በዚያው ሰሞን ለአውሮፓ መንገደኛ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ መነጋገሪያ፣ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ «ዳግማዊ ምኒልክ»ን።

«ጦቢያ» አማርኛው ማር ነው። ይህን የሚክድ የለም። ታሪኩ ግን ችግር በመጣ ቁጥር አጋጣሚ ከተፍ የሚልበት ነው፤ አንባቢ «እሺ፣ ይሁን» እያለ ካላለፈ አይዘለቅም። የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን ስለሆነ ብቻ ከሁሉ ይበልጣል ማለት ግን ምን የሚሉት ፍርድ ነው? «ዳግማዊ ምኒልክ» ደግሞ እንደዚያው እየጣፈጠ ያስከፋል። ምኒልክን ከፍ ለማድረግ ቴዎድሮስንና ዮሐንስን መርገጥ ግዴታ የሆነበት ይመስላል። ታሪክ ተብሎ የተጻፈ ውዳሴ ነው።

የሚያስገርመው ሦስተኛው ነው። መነጋገሪያ መጽሐፍ ማለት መንገደኛ ዋጋ ጠይቆ፣ መንገድ ጠይቆ የሚዘጋው ነገር ነው እኮ! እዚያ ውስጥ የአገር አስተዳደር ትችት ማን ይጠብቃል? አፈወርቅ ግን በእንግዳና በአገሬው ሰው ጭውውት አስመስሎ፣ ወታደሩ ገበሬውን እንዴት እንደሚያራቁተው ይናገራል። በንጉሡ ታሪክ ውስጥ የዋጠውን ቃል በመንገደኛው መጽሐፍ ውስጥ ተፋው። ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው። ታሪኩን ብቻ ያነበበ ሰው አፈወርቅን አሞጋሽ ብሎ ይተወዋል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከወራሪው ጋር መሥራቱን ብቻ የሚያውቅም ከሃዲ ብሎ ይተወዋል። ለ1928ቱ ሥራው መጠየቁ ተገቢ ነው። የ1900ውን ገጽ ግን ያ ሥራ አይሰርዘውም።

ይህን ጉዳይ ከእኛ ቀድሞ ያነሣው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. በወጣው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» መግቢያ ላይ ታሪክ ጸሐፊ ሊኖረው ስለሚገባው ነገር ይናገራል፤ የሆነውን የሚያስተውል ልብ፣ ሲፈርድ የማያደላ አእምሮ፣ ያየውንና የፈረደውን የሚያስረዳበት የጠራ ቋንቋ። የዘመኑ ጸሐፊዎች በእነዚህ መበደላቸውን ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ በአማርኛ የመጽሐፍ ሒስ የሚባል ነገር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም ሚዛኑ ለጸሐፊ ብቻ አይደለም፤ ለአንባቢም ልክ ነው።

በዚያው ሚዛን ራሱን ገብረ ሕይወትን እንመዝነው ካልን፣ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሐሳብ የከበደ፣ በንባብ የሚያደክም ነው። የኤኮኖሚ ቃል ገና ባልተፈጠረለት ቋንቋ ስለ ኤኮኖሚ መጻፍ ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ እንደ መጥረግ ነው፤ ድካሙ ለአንባቢም ይተርፋል። ቢሆንም መነበብ አለበት።

ቴአትርንም አንርሳ። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የአውሬዎች ጨዋታ ነው። ለልጅ ተረት ይመስላል። የንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ግን ተረት መስሎ አልታየውም፤ ተከለከለ። ከልካዮቹ ከብዙ አመስጋኝ አንባቢ ይልቅ መጽሐፉን አጥብቀው አንብበውታል ለማለት ይቻላል!

አሁን ደግሞ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ላጋጥም። የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» (1942 ዓ.ም.) የርስት፣ የግብር፣ የሹመት፣ የግብዣ ሥርዓት መዝገብ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ጥቂት ነው፤ አሰልቺ ነው ቢባልም ሐሜት አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ግን በየቤቱ ተለቅሶበታል። ሰው የሚያለቅሰው ለሰብለና ለበዛብህ ነው። እኔ ግን ከፍቅራቸው ይልቅ የፊታውራሪ መሸሻና የገበሬዎቹ ጠብ ይበልጥብኛል፤ ጉዱ ካሣም ንግግሩ ሲረዝም ስብከት ይሆንበታል። «ዝክረ ነገር»ን አገላብጦ ወደዚህ ልብ ወለድ የተመለሰ ሰው ያንን ጠብ በሌላ ዓይን ያየዋል። መዝገቡ ምን ያህል እንደሚከፈል ይናገራል፣ ልብ ወለዱ የሚከፍለውን ሰው ፊት ያሳያል።

በመጨረሻ «ኦሮማይ»። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. አሳተመው፤ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ጸሐፊው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ መፍረድ ነውር ሆኗል። እንግዲህ ልናገር፤ የፍያሜታ ፍቅር ቶሎ ተጀምሮ ቶሎ የጋለ ነው፣ አንዳንዱም ንግግር ከጋዜጣ የተቀዳ ይመስላል። የስብሰባው፣ የዘመቻው ጫጫታ፣ የባለሥልጣናቱ ፉክክር የተጻፈበት ክፍል ግን እዚያው ቆሞ ባየ ሰው የተጻፈ ነው፤ ዛሬም ሲያነቡት አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡ ያህል ነው።