በምስር ሰፈሮች የተሰወሩት መናብርት

በግዕዝ መጻሕፍት ምስር የምትባለው ካይሮ ለብዙ ዘመን የኢየሩሳሌም መንገደኛ ማረፊያ ነበረች። ዛሬ ግን ተሳላሚው በአውሮፕላን ይደርስና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሰንብቶ ያልፋል፤ በዚያም አጭር ጊዜ የሚያየው በጊዛ ያሉትን ሐውልቶች፥ ቤተ መዘክሩን፥ በአሮጌው ምስር ያለችውንም ሙዓለቃን ነው። ለኢትዮጵያ ጳጳስ ይሾሙ የነበሩ አባቶች የተቀመጡባቸው ሰፈሮች ከዚህ ጉብኝት ውጭ ቀርተዋል። (ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት፥ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሙዓለቃ ራሷም ብትሆን በሙሉ አትታይም። በሮማውያን ምሽግ በር ግንብ ላይ ስለ ተሠራች «የተንጠለጠለችው» ተብላለች። ብዙው ሰው ዐምዶቿንና በዕብነ በረድ ያጌጠውን መስበኪያዋን አይቶ ይወጣል። በስተ ደቡብ ምሥራቅ ግን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመች ትንሽ መቅደስ አለች፤ በግድግዳዋም ላይ የ24ቱ ካህናተ ሰማይ ጥንታዊ ሥዕል ይገኛል። ኢትዮጵያዊ ካህን ይህችን ሳይሳለም ቢወጣ የራሱን ቤት አልፎ እንደ ሄደ ይቈጠራል።

በ11ኛው መቶ ዓመት አባ ክርስቶዱሉ የማርቆስን መንበር ከእስክንድርያ ወደ ምስር አዛወሩ። መንበሩ ከ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እስከ 1660 ድረስ የተቀመጠው በሐረት ዙዌይላ ነው። ሐረት ማለት በዓረብኛ ሰፈር ማለት ነው፤ ዙዌይላም በ969 ከፋጢማውያን ጭፍራ ጋር ከምዕራብ የመጣ ነገድ ስም ነው። ቦታው ከካን ኤል ከሊሊ ገበያ በስተ ምዕራብ፥ በጠባብ መንገዶች መካከል ተሰውሮ ይገኛል። የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ በታች ስለ ሆነች በደረጃ ወርደው ይገቡባታል፤ እርሷ አልሰመጠችም፥ ከተማው ግን በየዘመኑ በአፈርና በፍርስራሽ እየተደለደለ ከፍ አለ። ከእርሷ ጋር የቅዱስ መርቆሬዎስና የቅዱስ ጊዮርጊስ አብያተ ክርስቲያናት፥ የደናግል ገዳማትም አሉ።

የኢትዮጵያ መነኮሳትም በዚሁ ሰፈር ማኅበር ነበራቸው። ከረጅም መንገድ የደከመ ተሳላሚ ወደ ጋዛ የሚሄደውን ቅፍለት እስኪያገኝ ድረስ ከእነርሱ ዘንድ ያርፍ ነበር። የነገሥታት መልእክተኞችም እጅ መንሻ ይዘው የሚመጡት ወደዚሁ መንበር ነው። የሚለምኑት ነገር ቀላል አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ጳጳስ ሲሞት ዲያቆንና ቄስ የሚሾም፥ ታቦት የሚባርክ ይታጣል፤ አዲስ ጳጳስ ሳይመጣ ዓመታት ቢያልፉ የቀሩት ካህናት ያረጃሉ፥ አብያተ ክርስቲያናትም ይዘጋሉ። የአንዲት አገር ክህነት እንግዲህ በዚህ ጠባብ መንገድ መጨረሻ ባለ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ብዙ መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ ያስተረጐሙት አቡነ ሰላማ መተርጕም በ1348 ከግብጽ ሲመጡ መንበሩ በዚሁ ሰፈር ነበረ። በ1438 ለዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አቡነ ሚካኤልንና አቡነ ገብርኤልን የሾሙት አባ ዮሐንስ 11ኛ ናቸው። የግብጹ ደብረ ምጥማቅ መፍረሱን የተናገረው መልእክትም የእርሳቸው ነው፤ ንጉሡ ይህን ሰምተው አለቀሱና በተጉለት ደብረ ምጥማቅ ብለው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1450 ሁለቱ ጳጳሳት በተገኙበት ስለ ሁለቱ ሰንበታት ጉባኤ የተደረገው በዚያ ነው።

በ1660 አባ ማቴዎስ 4ኛ መንበሩን ወደ ሐረት ኤል ሩም አዛወሩ። በዚህ ስም ብዙ መንገደኛ ይሳሳታል፤ ባብ ዙዌይላ የሚባለው ታላቅ በር የሚገኘው በሐረት ኤል ሩም አጠገብ እንጂ በሐረት ዙዌይላ አይደለም፤ ሁለቱም ሰፈሮች የተራራቁ ናቸው። መንበሩ በዚህ የቆየው እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ስለ ሆነ፥ በዚያ ዘመን ወደ ጎንደር የተላኩት ጳጳሳት ከዚህ የወጡ ናቸው። ዛሬ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያንና የቅዱስ ቴዎድሮስ የደናግል ገዳም ይገኙበታል።

አባ ማርቆስ 8ኛ ደግሞ በ1800 ገደማ ወደ አዝበኪያ ተሻገሩ፤ በዚያም የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። በ1856 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በዐፄ ቴዎድሮስ የተያዙት አባ ቄርሎስ 4ኛ የወጡት ከዚህ ነው። በ1968 አዲሱ ካቴድራል በዓባስያ ስለ ተመረቀ ተሳላሚው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፥ አዝበኪያም ተረሳ። ነገር ግን ግንቦት 25 ቀን 1921 በኢትዮጵያ አቆጣጠር አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ በካይሮ ሲሾሙ የፓትርያርኩ መንበር አዝበኪያ ነበረ። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928፥ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጣልያኖች ጥይት ተገደሉ፤ አቡነ ሚካኤልም በዚያው ዘመን በጎሬ ተገደሉ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ደግሞ፥ በእመቤታችን በዓል፥ አቡነ ባስልዮስ በአባ ቄርሎስ 6ኛ እጅ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ፤ ከኢትዮጵያ የመጡትም መልእክተኞች ግብጻዊ ጳጳስ ለምነው ሳይሆን የራሳቸውን ፓትርያርክ አጅበው ተመለሱ።