ከሕንፃው ጫፍ ወደ ደመናው

ኢሲጂ ማንበብ የተማርንበትን ሰሞን አስታውሱ። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ይሄዳል፣ መርፌው ይጽፋል፣ ጊዜ ወደ ርዝመት ይለወጣል። ወረቀቱ ቢቆም ኖሮ የምናየው አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ ጭረት ብቻ ነበር። የመብረቅ ፎቶግራፍ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ውስጥ የኤፍል ማማ በመብረቅ ሲመታ የተነሳ ዝነኛ ፎቶ አለ። ሲያዩት ያምራል፤ ግን መብረቁ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ አይናገርም። የካሜራው ሌንስም ሆነ ፊልሙ ቆመው ስለነበር ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ታትሟል።

መላውን የዘየደው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ቦይስ ነው። በ1900 አካባቢ ሁለት የሚሽከረከሩ ሌንሶች ያሉት ካሜራ አሰበ። ሌንሶቹ ስለሚዞሩ የመብረቁ ሁለት ምስሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይዛነፋሉ፤ ሁለቱን በማስተያየት የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደበራ ማወቅ ይቻላል። በ1930ዎቹ በርናርድ ሾንላንድና ባልደረቦቹ በዚህ ካሜራ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሠሩ። መጀመሪያ ደብዛዛ ብርሃን ከደመና ደረጃ በደረጃ እየወረደ መንገድ ይከፍታል፤ ዓይን የሚያጥበረብረው ብልጭታ ግን በዚያው መንገድ ከመሬት ወደ ላይ ይወጣል።

በ1931 ኒውዮርክ ላይ 381 ሜትር ከፍታ ያለው ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ተመረቀ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ካርል ማኬክሮን ከ1935 ጀምሮ ራቅ ካለ ሌላ ሕንፃ ላይ ካሜራ ተክሎ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጠብቅ ጀመር። ፎቶዎቹ ሁለት ነገር ነገሩት። አንደኛ፣ ሕንፃው በዓመት በአማካይ ከ20 ጊዜ በላይ ይመታል፤ «መብረቅ አንድ ቦታ ሁለቴ አይመታም» የሚለው የፈረንጆች አባባል እዚያው ፈረሰ። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል፦ አብዛኛውን ጊዜ መብረቁ የሚጀምረው ከሕንፃው ጫፍ ሆኖ ወደ ደመናው ነው የሚወጣው።

ሕንፃው የብረት አጽም ስላለው ኃይሉን ወደ መሬት ያሳልፋል፤ ውስጡ ያለ ሰው አይጎዳም። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዋርካም ከአካባቢው ሁሉ ረዥም ነው፤ ሥሩ የተጠለለውን ሰው ግን የሚያድንበት አጽም የለውም። ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር መጠለልን ከልጅነታችን ጀምሮ ለምደነዋል። ለታካሚዎቻችን፣ ለተማሪዎቻችን፣ ለቤተሰቦቻችንም ይሄን ልማድ ተዉ እንበላቸው።